ምዕራፍ ሁለት፤ እጅን ስለ መታጠብና ስምን ስለ መጠየቅ

ከመማሪያው አዳራሽ ወጥቶ፥ ነጩን ጋዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሶ ወደ ሕሙማን ክፍል የሚገባ የነርስነት ደቀ መዝሙር፥ ምንም እንኳ የአጥንቶችን ቍጥርና የደም ሥሮችን ስም አጥንቶ ቢጨርስ፥ ምንም እንኳ ልቡ ለታመመ ሁሉ የሚራራ ቢሆን፥ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በደዌው ላይ ነው፤ ያበጠውን እግር፥ የገረጣውን ፊት፥ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያደረውን ሽማግሌ ያይና፥ እዋጋው ዘንድ የተጠራሁበት ጠላት ይህ ነው ብሎ ይቈርጣል። እውነት ነው፥ ደዌው ጠላት ነው። ነገር ግን በዚያው ክፍል ሌላ ጠላት ተሸሽጎ ይኖራል፤ ይኸውም ሕመምተኛው ከቤቱ ይዞት ያልመጣው፥ ልናድነው የቆምነው እኛው ራሳችን በመቸኰልና በመሰልቸት፥ ባለማወቅና በይሉኝታ የምንጨምርበት ጕዳት ነው። ምጧን በሰላም የተገላገለች እናት ከሐኪም እጅ በተላለፈ ተሐዋሲ ትኩሳት ሲይዛት፥ የአንዱ አልጋ መድኀኒት ለሌላው አልጋ ሲሰጥ፥ ራሱን የሳተ አዛውንት ደገፍ ከሌለው አልጋ ወድቆ ዳሌው ሲሰበር፥ ሰውየው ከመጣበት ደዌ ድኖ፥ ሊድን በመጣበት ቤት ሌላ ደዌ ይሸምታል።

ርኅራኄ የሌለው ሰው ወደዚህ ሙያ ባይገባ ይሻላል፤ ይህን ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፥ አሁንም እላለሁ። ይሁን እንጂ ርኅራኄ ከልብ ወርዶ በእጅ ላይ ልማድ፥ በአንደበት ላይ ጥያቄ፥ በብዕር ላይ ጽሕፈት እስኪሆን ድረስ፥ በአልጋ ላይ ለተኛው ሰው አይደርሰውም። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ታላላቆቹን የሕክምና ጥበባት ትቼ፥ ትንንሽ ናቸው ተብለው ስለሚናቁት ሥራዎች እናገራለሁ።

እጅ መታጠብ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ማዕድ ሲቀርብ የቤቱ ልጅ ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ ይዞ፥ ከታላቅ ጀምሮ እንግዳውን ሁሉ ሲያስታጥብ አይተን አድገናል፤ ካህኑም በቅዳሴ ጊዜ ወደ ምሥጢሩ ከመቅረቡ በፊት እጁን ሲታጠብ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን። በእነዚህ በሁለቱ መታጠቦች መካከል ግን ልዩነት አለ፤ በማዕድ ፊት የሚታጠብ ሰው ስለ ገዛ ራሱ ይታጠባል፥ ካህኑ ግን የሚታጠበው ሊዳስሰው ስላለው ነገር ክብር ነው። የነርስ መታጠብ ከእንግዳው ይልቅ የካህኑን ይመስላል። በብዙ ዘመን አገልግሎቴ ያስተዋልሁት አንድ ነገር አለ፤ እጁ ደም ወይም መግል ከነካ በኋላ የማይታጠብ ነርስ ከስንት አንድ ነው፥ ምክንያቱም ያን ጊዜ የሚፈራው ስለ ራሱ ነው፤ ሕመምተኛውን ከመንካቱ በፊት የሚታጠበው ግን ጥቂት ነው፥ ያን ጊዜ የሚጠበቀው ሌላው ሰው ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ የእጅ ንጽሕና የሚያስፈልግባቸውን አምስት ጊዜያት ወስኖአል፤ እነርሱም ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት፥ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ማለት መርፌ መውጋትን ወይም ቍስል ማሰርን የመሰለውን ከመጀመር በፊት፥ ደምና ሌላም የሰውነት ፈሳሽ ካገኘን በኋላ፥ ሕመምተኛውን ከነካን በኋላ፥ አልጋውን ወይም በአጠገቡ ያለውን ዕቃ ብቻ እንኳ ብንነካ ከዚያ በኋላ ናቸው። በሳሙናና በውሃ ሲሆን ሥራው ሁሉ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፥ በአልኮል ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ እጅ በዓይን የሚታይ እድፍ ካለበት ግን አልኮሉ አይበቃም፥ ሳሙና ያሻል። የቧንቧው ውሃ ሲቋረጥ፥ በአገራችን ሆስፒታሎችም ይህ ደጋግሞ ይደርሳልና፥ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ከነሳሙናው በክፍሉ በር ማቆም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ጓንትም የመታጠብ ምትክ አይደለም፤ አንዱን ጓንት እንዳጠለቀ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄድ ሰው የገዛ እጁን ጠብቆ የሕሙማኑን ደዌ እርስ በርስ ያዋውሳል።

ይህ ነገር በምን ያህል ሕይወት ዋጋ እንደ ታወቀ ማሰብ ይገባል። በ1847 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቪየና ከተማ ታላቅ ሆስፒታል ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል የሀንጋሪ ተወላጅ ሐኪም ነበረ። በዚያ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፥ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። በሐኪሞቹ ክፍል የሚሞቱት ወላዶች በአዋላጆቹ ክፍል ከሚሞቱት እጅግ ይበዙ ስለ ነበረ፥ የከተማይቱ ሴቶች ይህን ዐውቀው ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይመደቡ እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። ዜመልቫይስ ነገሩ እያስጨነቀው ምክንያቱን ሲመረምር ከቈየ በኋላ፥ ያዕቆብ ኮሌችካ የሚባል ወዳጁ አስከሬን ሲመረመር በቢላዋ ተወግቶ፥ ወላዶቹን በሚገድለው ሕመም ዓይነት ሞተ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠለት፤ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ከአስከሬን መመርመሪያው ክፍል ወጥተው በቀጥታ ወደ ወላዶቹ ይሄዱ ነበርና ሞቱን የሚወስዱት በገዛ እጃቸው ነበር። በክሎሪን የተበጠበጠ ውሃ አስቀምጦ ሁሉም እጁን እንዲታጠብበት አዘዘ። በአፕሪል ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱ በነበረበት ክፍል፥ በጁን የሞቱት ከ100 ሁለት ያህል ብቻ ሆኑ። ረቂቃን ተሐዋስያን የደዌ ምክንያት መሆናቸው ገና አልታወቀም ነበርና የዘመኑ ታላላቅ ሐኪሞች ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ እርሱም በ1865 የአእምሮ ሕሙማን በሚጠበቁበት ቤት ሞተ። የተጨነቁትን ሴቶች ልመና ሳስብ፥ ሕመምተኛ ስለ ሆስፒታሉ የሚናገረውን ነገር እንደ ሐሜት ቈጥሮ መናቅ ምን ያህል እንደሚጐዳ ይታየኛል፤ እነርሱ ሐኪሞቹ ያላወቁትን ዐውቀው ነበር።

ዜመልቫይስ የተጠቀመበት መድኀኒት ዛሬ በየቤቱ ከምናውቀው ከበረኪና ጋር አንድ ወገን ነው። አምስት ከመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ግማሽ ከመቶ ይሆናል፤ የፈሰሰ ደም የሚጸዳበት መጠን ይህ ነው። ኀይሉ በብርሃንና በጊዜ ብዛት ስለሚደክም በየቀኑ ይበጠበጥ እንጂ ትናንት የተረፈው አይሠራበትም።

ስለ መርፌ የምናገረው አጭር ነው። የተወጋበትን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ፤ በኪሳችሁ፥ በአልጋው ላይ ወይም በትሪው ላይ አትተዉት፤ ከሕመምተኛው ክንድ እንደ ወጣ ወዲያው ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይግባ፥ ሣጥኑም ከአራት እጅ ሦስቱ ሲሞላ ይዘጋ። የተወጋ ሰው ቢኖር ስፍራውን በውሃና በሳሙና ይጠብ፥ አይጭመቀው፥ ሳይውል ሳያድርም ለኀላፊው ይናገር። ኤች አይ ቪ ካለበት ሰው በመርፌ የተወጋ ባለሙያ በቫይረሱ የሚያዘው ከ1000 ሦስት ያህል ነው፤ የመከላከያው መድኀኒት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ፥ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተጀምሮ 28 ቀን መወሰድ ስላለበት፥ በሐፍረት የሚጠፋው ጊዜ አይመለስም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ከዚህ ይልቅ እጅግ ተላላፊ ነው፤ ክትባት አለውና ሦስቱን ጊዜ ሳትፈጽሙ ወደ ሥራ አትግቡ።

አሁን ወደ ስም እመጣለሁ፥ በዚህም ላይ ጥቂት መቈየት እፈልጋለሁ። መድኀኒት ከመስጠት በፊት አምስት ነገሮች ይመረመራሉ ተብላችሁ ተምራችኋል፤ ሰውየው፥ መድኀኒቱ፥ መጠኑ፥ የሚሰጥበት መንገድና ሰዓቱ። ከአምስቱ ቀላል መስሎ የሚታየው የመጀመሪያው ነው፤ በእኛ አገር ግን እጅግ የሚያሳስተው እርሱ ነው። እኛ በቤተሰብ ስም አንጠራም፤ የሰውየው ስም፥ የአባቱ ስም፥ የአያቱም ስም ከጥቂት የታወቁ ስሞች መካከል የሚወጣ ስለ ሆነ፥ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሞክሼዎች፥ እነዚያውም በአባታቸው ስም ጭምር የሚመሳሰሉ፥ ቢገኙ አያስደንቅም። በዚህ ላይ በካርዱ የተጻፈው የዓለም ስማቸው ሆኖ፥ ከቤተ ሰብ አንዱ በክርስትና ስማቸው የሚጠራቸው እናት አሉ፤ ልጆቻቸው በሙሉ በቁልምጫ ብቻ የሚያውቋቸው አባት አሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ጨዋነታችን ነው። ነርሱ በአልጋው ራስ ቆሞ «እርስዎ ወይዘሮ እገሌ ነዎት አይደል?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ጆሮአቸው የደከመ፥ ትኩሳት ያለባቸው፥ ነጭ የለበሰውን ሰው ማሳፈር ነውር የሚመስላቸው እናት «አዎ ልጄ» ይላሉ። ይህ «አዎ» የአክብሮት ቃል ነው እንጂ መልስ አይደለም። ስለዚህ ስሙን እናንተ አትጥሩላቸው፤ «እናቴ፥ ስምዎን ከነአባትዎና ከነአያትዎ ይንገሩኝ» ብላችሁ እርሳቸው እስኪናገሩ ድረስ ታገሡ፥ የተናገሩትንም ከካርዱ ቍጥር ጋር አስተያዩ። መናገር የማይችለውን ሰው አስታማሚውን ጠይቁ፤ አስታማሚም ከሌለ የእጁን መለያ አንብቡ፥ የአልጋውን ቍጥር ብቻ አትመኑ፤ አልጋ ይለወጣልና።

ይህን የምጽፈው በመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ገና ወጣት ነርስ ሳለሁ፥ በአንድ የሌሊት ተራ፥ በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት እናቶች በሦስት አልጋ ልዩነት ተኝተው ነበር። የደም ግፊት ለሚያሠቃያቸው የታዘዘውን ክኒን ይዤ ሄድሁ፤ ስማቸውን ጠርቼ ጠየቅሁ፥ «አዎ ልጄ» አሉኝ፥ ሰጠኋቸው፥ መርቀውኝም ተኙ። ሌላይቱ ደግሞ ክኒናቸውን ሲጠይቁኝ ጕልበቴ ከዳኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በስፍራው እነግራችኋለሁ።

ከስሙ ቀጥሎ የሚያሳስተው ሰዓቱና ዘመኑ ነው፥ ይህም የአገራችን ፈተና ስለ ሆነ ከውጭ በሚመጡ መጻሕፍት አታገኙትም። ሐኪሙ በካርዱ ላይ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ሕመምተኛው የሚኖረው ፀሐይ ስትወጣ በሚጀምረው በእኛ ሰዓት ነው፤ በሁለቱም መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። በካርዱ ላይ «8» ተብሎ የተጻፈውን የጧት መድኀኒት እንዳለ ለአስታማሚው «በስምንት ሰዓት ይስጡ» ብላችሁ ብታስተላልፉ፥ በጧቱ ሁለት ሰዓት መሰጠት የነበረበት መድኀኒት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ይዘገያል። በየስምንት ሰዓቱ የታዘዘ ከሆነ ለሕመምተኛው «ከጧቱ 12፥ ከቀኑ 8፥ ከምሽቱ 4» ብላችሁ ጧትና ማታውን ጠርታችሁ ንገሩት። በመድኀኒት ጠርሙስ ላይ የሚታተመው የማብቂያ ዘመንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር «2023» የሚል ጠርሙስ ያነሣ ሰው፥ በእኛ አቆጣጠር ቢያስበው ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ መድኀኒቱ ግን ጊዜው ካለፈ ወራት ሆኖታል። ብልቃጥንም በመልኩና በቀለሙ ሳይሆን ጽሕፈቱን በማንበብ ለዩት፤ ውሃ የመሰለው ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በደም ሥር ቢገፋ ልብን ያቆማል።

የአገራችንን ሆስፒታል ያለ አስታማሚ ማሰብ አይቻልም። ምግቡን የሚያመላልሰው፥ ሌሊቱን በአልጋው ሥር በጋቢ ተጠቅልሎ የሚያድረው፥ ሽንቱን የሚያነሣው ዘመድ ነው፤ እርሱን እንደ እንቅፋት የሚቈጥር ነርስ ሁለት እጆቹን በገዛ ፈቃዱ ይቈርጣል። አስታማሚው ግን የሚያደርገውን በፍቅር እንጂ በዕውቀት አያደርገውምና ልታስተምሩት ይገባል። ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀ ሰው ምንም እንዳይቀምስ ሲታዘዝ፥ ዘመዶቹ ምግቡን ይከለክሉትና፥ በማለዳ ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን ጠበል ግን «ይህማ በረከት ነው» ብለው ያጠጡታል። ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው በሆዱ ያለው ነገር ወደ ሳንባው ሊፈስ ይችላልና፥ «ምግብ ወስደዋል?» ማለት አይበቃም፤ «ጠበልም ቢሆን፥ ቡናም ቢሆን፥ በአፍዎ የገባ ነገር አለ?» ብላችሁ በቀስታ ጠይቁ። ጠበሉ በፊቱና በራሱ ላይ ቢረጭ የሚከለክል የለም። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክኒን አልወስድም የሚሉ አዛውንት ሲያጋጥሟችሁም አትከራከሯቸው፤ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩላቸው፥ አንድ የካህን ቃል ከእናንተ አሥር ቃል ይልቅ ይሰማልና።

በዚሁ አንድ ነገር ልጨምር። ኦክስጂን በሚሰጥበት አልጋ አጠገብ ጧፍ አይብራ፥ ዕጣንም አይጢስ። ኦክስጂኑ ራሱ አይነድም፤ ነገር ግን ብርድ ልብሱንም ፍራሹንም በቅጽበት እንዲንቦገቦግ ያደርጋል። ለጸሎት የሚሆን ሌላ ስፍራ ራሳችሁ ፈልጋችሁ አሳዩአቸው እንጂ ጧፉን ከእጃቸው አትንጠቁ።

ሕመምተኛን ማገላበጥ፥ ማጠብ፥ አንሶላውን መለወጥ የሎሌ ሥራ የሚመስላቸው ተማሪዎች አጋጥመውኛል። በስደት ዘመን በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምራ በ1939 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመረቀችው ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ነበረች፤ በ1942 በለቀምት በወጣትነቷ ዐርፋለች፥ በስሟ በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታልም ነርሶችን አሠልጥኖአል። ለመንቀሳቀስ የማይችል ሰው በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ ካልተገላበጠ፥ በራስ ቅሉ፥ በወገቡ ሥርና በተረከዙ ላይ ያለው ሥጋ በፍራሹና በአጥንቱ መካከል ተጨፍልቆ ደም ያጣል፥ ይሞታልም። የመኝታ ቍስል የሚጀምረው በማይጠፋ ቅላት ነው፤ በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ካልነጣ ቍስሉ ጀምሮአል። በጠቈረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይታይ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ዳስሱ። ይህን የሚያየው ገላውን የሚያጥበው ሰው ብቻ ነው።

እስትንፋስንም ሙሉ አንድ ደቂቃ ቍጠሩ። በካርዶች ላይ ሁሉ «20፥ 20፥ 20» ተብሎ ተጽፎ ሳይ ማንም እንዳልቈጠረ ዐውቃለሁ። የሰው ትንፋሽ እየተቈጠረ መሆኑን ሲያውቅ ይለወጣልና የእጁን ትርታ እንደምትቈጥሩ ሆናችሁ ደረቱን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ሰው ሊወድቅ ሲል አስቀድሞ የሚፈጥነው እስትንፋሱ ነው።

የተራ ርክክብ በአልጋው ራስ እንጂ በነርሶች ጠረጴዛ ዙሪያ አይሁን። በወንጌል የተነገረለት ደግ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን ካሰረለት በኋላ፥ በእንግዶች ማደሪያ ደጃፍ ጥሎት አልሄደም፤ አደረ፥ በማግሥቱም ለባለቤቱ ምን እንደሚደረግለት ነግሮ፥ ገንዘብ ሰጥቶ፥ ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ስለ ርክክብ የተጻፈ ይመስለኛል። የሚወጣው ነርስ ለሚገባው የሰጠውን መድኀኒትና ሰዓቱን፥ ያልሰጠውንና ምክንያቱን፥ በዚህም ሌሊት የሚፈራለት ሕመምተኛ ማን እንደ ሆነ ይናገር፤ የሚገባውም የሰማውን መልሶ ይድገምለት።

ስለዚያች ሌሊት ያስቀረሁትን ልፈጽም። በመጀመሪያ ያሰብሁት ዝም ማለትን ነበር፤ እናቲቱ ተኝተዋል፥ ያየም የለም ብዬ ከግድግዳው ተጠግቼ ጥቂት ቆምሁ። ኋላ ግን ሄጄ ተረኛውን ሐኪም ቀሰቀስሁት፥ የሰጠሁትን ክኒንና ሰዓቱን ነገርሁት። አልተቈጣኝም፤ «አሁን ግፊታቸው ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝና ተነሣ። ግፊታቸው ወርዶ ነበር። እግራቸውን ከፍ አድርገን፥ ግሉኮስ ሰቅለን፥ በየግማሽ ሰዓቱ እየለካሁ እስኪነጋ በአጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ እርሳቸውም በነቁ ጊዜ የሆነውን ሁሉ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ማለዳ የክፍሉ ኀላፊ ካርዶቹን አስመጥታ፥ ቀይ እስክሪብቶ ሰጠችኝ፥ በሁለቱም ራስ ላይ «ሞክሼ አለ» ብዬ በገዛ እጄ እንድጽፍ አዘዘችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ሁለት ሞክሼዎች በተገናኙ ቍጥር በካርዳቸው ላይ እንዲሁ ይጻፍ ጀመር።